የመክት ጠጉር

እኛ ደገኞች፣ ከሚሠራ ፍጡር ላይ የሚያስፈልገውን ሊነጥቅ የሚነሣ ሰው ስናይ አፉን የምናስይዝባት አንዲት አባባል አለችን። የተነገረችው ቆላ ነው፤ ለመነገሯ ምክንያት ግን የአባቴ አያት ይመኙሻል ናት። ስለዚህ ሳወራው ትንሽ ደረቴን ብነፋ አትታዘቡኝ።

ያን ዓመት በልጉ ቀረና ደጋው ሣር አጣ። ይመኙሻልና ጎረቤቷ ዘርጋው በጎቻቸውን አንድ ላይ ነድተው፣ ዝናብ እስኪመለስ የቆላ ወዳጃቸው ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሊያሰነብቱ ቆላ ወረዱ። ከእነዚያ በጎች በቀር ሁለቱም ቤት ሌላ ሀብት አልነበረውም። ቆላው ደግሞ ጅብ ይበዛበታልና ተስፋቸው ሁሉ በሁለቱ ውሾች ላይ ነበር፤ በእሷ መክትና በእሱ ቡላ። ሁለቱም የውርጭ አገር ውሾች ናቸው፤ ጠጉራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ምላሳቸውን አስወጣቸው። ይመኙሻል በጎቹን ፀሐይ ሳትበረታ አሰማርታ፣ ቀትር ላይ መክትን ግራር ሥር ታስተኛዋለች። ሆዱንና መዳፉን በውሃ ታረጥብለታለች። ከዚያ የራሷን ሚዶ አውጥታ የረገፈውን የውስጥ ጠጉር ታበጥርለታለች።

ዘርጋው ሳቀባት። በግ በመሸለት በአገሩ የሚተካከለው አልነበረም፤ የስንቱ ቤት ባና፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ፣ ከእሱ መቀስ የወጣ ነው።

«እትዬ፣ ሊድሩት ነው እንዴ?» አላት። «ይስጡኝና እንደ በግ ልሸልትልዎ። ባና ለብሶ ቆላ የሚወርድ ሰው አይተዋል?»

«የሞተው ይውጣለት እንጂ፣ የቀረው ጠጉር ጥላው ነው» አለችው። «የእኔን ውሻ መቀስ አይነካውም።»

እልህ ያዘውና ቡላን እስከ ቆዳው ሸለተው። በማግስቱ ማለዳ ቡላ ቀልሎት ቦረቀ፤ ዘርጋውም ተንጎራደደ። በሦስተኛው ቀን ግን ፀሐይ የውሻውን ጀርባ ልጣ አቆሰለችው። ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ከማቃሰት በቀር መነሣት አቃተው።

ጅብ የመጣው በዚያው ቀን፣ በጎቹ ወደ በረት ሲገቡ ነው። መክት ብቻውን በሁለቱም መንጋ ፊት ቆመ። ጅቡ አንገቱን ጎረሰ፤ አፉ የሞላው ግን ጠጉር ነበር። ያንን ሊተፋ ሲታገል መክት ጆሮውን ነክሶ አልለቅም አለ። ሰዎቹ በዱላ ደርሰው ጅቡን አባረሩት፤ አንድ ግልገል እንኳ አልጎደለም።

ይመኙሻል የመክትን አንገት በጣቶቿ ፈተሸች፤ ደም የለም። ከኩራቷ የተነሣ አለቀሰች። ቀጥላም ከስንቋ ቅቤ አውጥታ የቡላን ጀርባ ቀባችለት። ዘርጋው አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ሲሸልተው ያዘነለት መስሎት እንደነበር ተናገረ።

ሼህ እንድሪስ ጅቡ የተፋውን ጠጉር ከመሬት አነሡና በዘርጋው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ «ልጄ፣ በግ ጠጉሩን ለጌታው፣ ውሻ ጠጉሩን ለራሱ ያበቅላል» አሉት።