ቀዩ ጫማና «ደህና ነኝ» ባዩ ምላስ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ላም የለበትም፣ ጫማ ነው ያለበት።

ትርንጎ የምትባል የደሴ ሴት ነበረች። ገና በሠላሳ አምስት ዓመቷ የወር አበባዋ ቀረ፤ ሙቀትና ላብ ሌሊት እንቅልፍ ነሷት። ሐኪሟ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን አዘዘችላት። ክኒኑ ሙቀቱን አበረደላት፣ እንቅልፏን መለሰላት፤ ግን ጡቷን አሳመማት፣ እግሯን አሳበጠው። ታላቅ እህቷ ስንዱ ደግሞ በአርባ ሁለት ዓመቷ አረገዘች። አከፋፈሉን አያችሁት? ከዚያ ወዲህ ትርንጎ እህቷን ማየት አስጠላት። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የወንድማቸው የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ትርንጎ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀይ ጫማዋን አድርጋ ከስንዱ ሆድ ላይ የሰውን ዓይን ጥቂት መንጠቅ።

ጫማውን አወጣች። ጫማው፣ «እግርሽ ካልሟሸሸ አላስገባም» አለ።

«እግሬ፣ ሟሽሽልኝ» አለች። እግሯ፣ «ክኒኑ ካልተለወጠ አልሟሽሽም» አለ። እግር አልሟሽሽ፣ ጫማ አላስገባ አለ።

«ክኒኔ፣ ተለወጥልኝ» አለች። ክኒኑ፣ «ሐኪምሽ ካልለወጠችኝ አልለወጥም» አለ። ክኒን አልለወጥ፣ እግር አልሟሽሽ፣ ጫማ አላስገባ አለ። ተናዳ ክኒኑን በመስኮት ልትወረውረው ነበር። ያ ሙቀት፣ ያ ላብ ትዝ ሲላት መስኮቱን መልሳ ዘጋችው።

ሐኪሟ ዘንድ ሄደች።

«እንዴት ነሽልኝ? ክኒኑ ተስማማሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው ያው ይቀጥላል። ምላስሽ ካልነገረኝ ምኑን ልለውጠው?»

ሐኪም አልለውጥ፣ ክኒን አልለወጥ፣ እግር አልሟሽሽ፣ ጫማ አላስገባ አለ።

ደጅ ስትወጣ ምላሷን ተቆጣችው። «ለሐኪምም ደህና ነኝ ይባላል?» ምላሷ፣ «ቅናት ይዞኝ ነው፤ ካልለቀቀኝ አልናገርም» አለ። ምላስ አልናገር፣ ሐኪም አልለውጥ፣ ክኒን አልለወጥ፣ እግር አልሟሽሽ፣ ጫማ አላስገባ አለ።

ቅናትን ለመነችው። «ይቺ ሐኪም የስንዱን ሆድ የምትዳስሰው ናት» አላት። «እሷ እየሞላች አንቺ ጎደልኩ ልትዪ? ስንዱ ራሷ ታድለሽ ካላለችሽ አልለቅም።» ቅናት አልለቅ፣ ምላስ አልናገር፣ ሐኪም አልለውጥ፣ ክኒን አልለወጥ፣ እግር አልሟሽሽ፣ ጫማ አላስገባ አለ።

ትርንጎ ጫማውን አንጠልጥላ ስንዱ ቤት ሄደች። ለእርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጫማውን አሳይታ ልታስቀናት ነው። ስንዱ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጋደም ብላለች። እግሯ አብጦ ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቷል። ትርንጎ ሳታስበው የራሷን አጠገቡ ዘረጋች። የማን እግር የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

«የእኔስ ከእርግዝናው ነው። ያንቺ ምን ሆኖ ነው?» አለች ስንዱ።

«ከክኒኑ ነው። ያለ ጊዜዬ አረጀሁ፣ እታለም።»

ስንዱ እጇን ያዘቻት። «ምነው ሳትነግሪኝ? እኔ እኮ ስቀናብሽ ነው የከረምኩት። ጎኔን መገልበጥ ሲያቅተኝ፣ ትርንጎ ይኼኔ እንደ ልቧ ተኝታለች፣ ታድላ እላለሁ።»

ታድላ ማለት ያው ታድለሽ ነው። ስንዱ ታድላ አለች፣ ቅናት ለቀቀ፣ ምላስ «ደህና አይደለሁም» ብሎ ተናገረ፣ ሐኪም ለወጠች፣ ክኒን ተለወጠ፣ እግር ቀስ በቀስ ሟሸሸ፣ ጫማ አስገባ።

በሠርጉ ቀን ትርንጎ በቀይ ጫማዋ ገባች። በነጠላ ጫማ የተቀመጠችው ስንዱ ጫማውን ቁልቁል አየችና፣ «ታድለሽ» አለች፣ ከልቧ። ትርንጎም የእህቷን ሆድ አየችና፣ «አንቺም ታድለሽ» አለች፤ እሷም ከልቧ። ቅናት ጨርሶ ሄደ አልላችሁም። ያን ቀን ግን ከእነሱ ጋር ተቀምጦ በላ።

ተረቴን መልሱልኝ። ጫማውን ግን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔም አይቼው ቀንቻለሁ።