ያልተላጠው ላስቲክ

ስሙኝማ፤ ያ ሁሉ ነገር የተነሳው ከአንዲት ስስ ላስቲክ ነው።

መርሳ ከተማ ውስጥ እትዬ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ልጃቸው ደምሰው አርባ ምንጭ ከምትኖረው እህቱ ከባንቺይርጋ ዘንድ አዲስ ስልክ ይዞላቸው መጣ። ስልኩ ውስጥ የሦስት ሳምንት ሕፃን ፎቶ አለ፤ የባንቺይርጋ ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው ነው። መስታወቱ ላይ ግን ከፋብሪካ የተለጠፈው ላስቲክ አልተነሳም። ጽሑፍ ሞልቶበታል፤ አየር ቋጥሮም ተነፋፍቷል። የእትዬ የሻረግን ዓይን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። ቢያዩ ቢያዩ የልጁ ፊት ጉም ሆነባቸው።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ አጥርቼ ልየው» አሉ። ሊልጡት ሞከሩ፤ ቁርጥማት ያኮማተረው ጣታቸው እምቢ አላቸው።

ምራታቸውን ጥሩወርቅን ጠሩ። «እባክሽ፣ ይህን ላስቲክ ላጪልኝ።»

«እኔስ ደስ ባለኝ እትዬ፤ ደምሰው እንዳትነኪው ብሎኛል።»

ጥሩወርቅ አልልጥ አለች፤ ላስቲኩ አልነሳ አለ፤ የሕፃኑ ፊት ጉም እንደለበሰ ዋለ።

ደምሰውን ጠየቁት። ደምሰው አቀረቀረ። «እማዬ፣ ባንቺይርጋ በአባታችን አጽም አስምላኛለች። አንቺ ራስሽ ሳትጠይቂያት ማንም አይነካውም።»

ደምሰው አልፈቅድ አለ፤ ጥሩወርቅ አልልጥ አለች፤ ላስቲኩ አልነሳ አለ፤ የሕፃኑ ፊት ጉም እንደለበሰ ዋለ።

ደምሰው ግን አንጀቱ አልቻለም፤ እናቱ እየሰሙ ለእህቱ ደወለ። «ተይ ባንቺ፣ ማሪን።»

«ሦስት ዓመት ስሜን አልጠራችም፣ ደምሴ። ከአባዬ ቀብር የቀረሁት መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፤ ማን ሰማኝ? አሁንም ሌላ አልፈልግም። አንድ ጊዜ ልጄ ትበለኝ።»

ደምሰው ስልኩን ወደ እናቱ ዘረጋ።  እትዬ የሻረግ ግን ያኔ በባላቸው መቃብር ላይ አፈር ዘግነው «ያቺን ከእንግዲህ ልጄ አልላትም!» ብለው ምለዋል። ስልኩን ሳይቀበሉ ፊታቸውን አዞሩ።

መሃላው አልፈታ አለ፤ የእናት አፍ አልከፈት አለ፤ ባንቺይርጋ እሺ አልል አለች፤ ደምሰው አልፈቅድ አለ፤ ጥሩወርቅ አልልጥ አለች፤ ላስቲኩ አልነሳ አለ፤ የሕፃኑ ፊት ጉም እንደለበሰ ሰነበተ።

በሳምንቱ እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ንስሐ አባታቸው መምሬ ወንድይፍራው ዘንድ ሄዱ።

«አባቴ፣ መሃላዬን ይፍቱልኝ።»

«እፈታዋለሁ። ግን ልጄ፣ ያን ቀን የማልሽው በእሷ ጥፋት ነው ወይስ በራስሽ ሐዘን?»

 የእትዬ የሻረግ እንባ መጣ። «ሰው ሁሉ ከቦኝ ሳለ ዓይኔ እሷን ነበር የሚፈልገው። ሳትመጣ ስትቀርብኝ ጊዜ ብቻዬን የቀበርኩት መሰለኝ።»

«ታዲያ ይህንኑ ለእሷ ንገሪያት» አሏቸው መምሬ፤ መስቀላቸውንም አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏቸው።

እቤት እንደገቡ ደምሰውን «ደውልልኝ» አሉት።

«ባንቺዬ» አሉ። «ልጄ። ያን ቀን አንቺን ፈልጌ ነው የከፋሁት።»

ከወዲያ ልቅሶ ብቻ ተሰማ።

«ላስቲኩን ላንሳው ወይ፣ ልጄ?»

«አንሺው እማዬ፤ አንሺው።»

መሃላው ተፈታ፤ የእናት አፍ ተከፈተ፤ ባንቺይርጋ እሺ አለች፤ ደምሰው ፈቀደ፤ ጥሩወርቅ ጥፍሯን ጫፉ ላይ አስገብታ ሳበችው፤ ላስቲኩ ጭርር ብሎ ተነሳ፤ ጉሙ ተገፈፈ።

እትዬ የሻረግ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያዙ። ሰፊ ግንባር፣ ገጠም ያለ ቅንድብ፤ የሟች ባላቸው ቅንድብ።

«ስሙን ማን አላችሁት?»

«ገና ነው እማዬ። አንቺን እየጠበቅን ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከፎቶው ላይ አልነቀሉም።

«ካሳዬ በሉት» አሉ።