ጥላ ለጥላ የሄደው ውሻ

አንድ የደጋ ገበሬ ነበረ። ውሻ ነበረው።

መሪጌታ ፍሬስብሐት እንዲህ ብለው ሲጀምሩ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሙላት ቅር አለው። የመጣው ስለ ውሻ ሊሰማ አልነበረም። ሚስቱ አልጣሽ አውድማ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃ፣ ወንድሞቿ በቃሬዛ አንሥተው ወደ አባቷ ቤት ወስደዋታል። እስካሁን ከመኝታዋ አልተነሣችም። እሱንም «ገደልካት» ብለውታል።

«መሪጌታ፣ አጨዳውንም ውቂያውንም አብራኝ ስትሠራ አንድ ቀን ‹ደከመኝ› አላለችም» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። «እንዲያውም ‹ውኃ ልቅዳ› እያለች ወደ ምንጩ ትመላለስ ነበር። ጉልበት የሌላት ሴት ትመላለሳለች? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ያልነገረችኝን በምን ልወቅ? ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ደጃዝማችነቱን ለጊዜው ተወውና ስማኝ» አሉት መሪጌታ፤ ቀጠሉም።

ገበሬው ውሻውን ይወደው ነበር። ጅብ ከበረት የሚመልስለት፣ ጦጣ ከማሳ የሚያባርርለት እሱ ነው። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርድ ያሳደገው ውሻ ነበር። በሚያዝያ ወር ገበሬው ነጭ ሽንኩርቱን በአህያ ጭኖ ወደ ቆላ ገበያ ሊወርድ ተነሣ። ውሻውም ተከተለው። ማንም አልጠራውም፤ ማንም ተመለስ አላለውም።

በማለዳ መውጣቱ ደግ ነበር። ነገር ግን ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ተዝካር የሚያወጡ ሰዎች «ሳትቀምስማ አታልፍም» ብለው ያዙት። እሱም የሟች ነፍስ እንዳትቀየመው ቀመሰ፤ እንዳትቀየመው ደገመ። ሲወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ለእሱ ምን ቸገረው? ራሱ ላይ ባርኔጣ፣ እግሩ ላይ የጎማ ጫማ አለ።

ቆላው መግቢያ ላይ አልፎ አልፎ ዛፍ ነበር። ውሻው እየሮጠ ይቀድምና ከዛፍ ሥር ይተኛል። ሰውየው ሲደርስበት ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሮጣል። ገበሬው ሳቀ። «አየሽልኝ ጉልበቱን! ይጫወታል እኮ!» አላት አህያዋን። ውሻው ግን እየተጫወተ አልነበረም። የሚሮጠው መሬቱ መዳፉን ስለሚፈጀው ነው፤ የሚተኛው ጥላ ስላገኘ ነው።

ከዚያ ዛፉ አለቀና ሜዳው መጣ። ውሻው ወደ ሰውየው ተጠግቶ በጥላው ውስጥ ይሄድ ጀመር። ምላሱ ወጥቶ ተንዘላዝሏል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ውሻ እንደ እኛ ላብ አያጠምቀውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ ሲግል ማለክለኩ ምን ያድርግለት? ገበሬው ግን ውሻው ከተረከዙ ሥር አልርቅ ሲል አይቶ ደስ አለው። «ወይ ፍቅር! ጥላዬን እንኳ አይለቅም» አለ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። እኩለ ቀን ሲሆን የሰውየው ጥላ አጥሮ ከእግሩ ሥር ገባ፤ ለውሻው የሚተርፍ ጠፋ። ውሻው ተንገዳገደና ወደቀ።

«ተነሥ!» አለው። አልተነሣም። ገበሬው የውኃ ቅሉን ከአህያዋ ላይ አወረደ፤ አውርዶም አመነታ። ውሻ አፉን ያገባበት ዕቃ ለሰው አይሆንም፤ ይህን ከእናቱ ቤት ጀምሮ ያውቃል። ቅሉን ካረከሰው በምን ሊጠጣ ነው? ስለዚህ ውኃውን ከውሻው አፍ ሥር መሬት ላይ አፈሰሰለት። አፈሩ ጠጣው። ደግሞ አፈሰሰ፤ ያንንም አፈሩ ጠጣው። ውሻው ዓይኑን ብቻ አንቀሳቀሰ።

ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ልማስ ብሎ ተንበረከከና እጁን መሬት ላይ አሳረፈ። ወዲያው መንጭቆ አነሣው፤ እንደ ፍም ፈጀው። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ መሬቱን በገላው የነካው ገና አሁን ነው። «በዚህ ላይ ነው እንዴ ያስኬድኩህ?» አለና አለቀሰ።

ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ። ውኃውን ገልብጦበት ከውሻው አፍ ሥር አስቀመጠለት። ሽንኩርቱን መንገድ ዳር አራግፎ፣ ባዶውን ጆንያ ከውሻው በታች አነጠፈ። ጋቢውን በዱላውና በገዛ አናቱ ላይ ዘርግቶ አጠለለት፤ ሆዱንና መዳፎቹን በውኃ አራሰለት። ገበያተኞች እያለፉ ሳቁበት። «ለውሻ ባርኔጣ?» አሉት። «ጫማችሁን አውልቁና ሳቁ» አላቸው። ማንም አላወለቀም። ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ እንዲያ እንደ ጎበጠ ዋለ፤ ገበያው ያለ እሱ ተፈታ።

«ተረፈ?» አለ ሙላት።

«ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ከመውጣቱ በፊት የእጁን ጀርባ መሬት ላይ ያሳርፍ ነበር። እጁ ካልቻለው ውሻውን ቤት ያውለዋል፤ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ሄዶ ከበረደች በኋላ ይመለሳል። ውሻውን ‹ደከመህ ወይ?› ብሎ አልጠየቀም።»

«አልጣሽ እኮ አፍ አላት፣ መሪጌታ።»

«አላት። አንተስ ምን ሰማህ?» አሉት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ገበሬው አንተ ነህ፣ ሙላት። ምንጩ ዳር ጥላ አለ፤ አውድማህ ላይ የለም። እሷ ጥላ ፍለጋ ስትመላለስ አንተ ጉልበቷን አደነቅህ። ዝም ስትል ደልቷት መሰለህ። የተከተለችህ መንገዱ ቀሏት አይደለም፤ አንተ ስለሄድክ ነው።»