በእንግዳ ሶፋ ላይ የተለካ ድምፅ

አንድ ሰው ነበር፤ የተሳቢ ሹፌር። ቤቱ አዳማ፣ ኑሮው ግን መንገድ ላይ። ከወደብ ጭኖ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ተመልሶ ይወጣል። የአፋርን ሐሩር ያየ ያውቀዋል፤ ያ ሙቀት ሥጋን ብቻ አይደለም የሚያቀልጠው፣ ቃልንም ከሰው አፍ ያደርቃል። ይህ ሰው ቤቱ የሚደርሰው ወሬው ሁሉ አልቆበት ነው።

ታዲያ እንዲህ የደከመ ሰው ቤተሰቡን በምን ይሰብስብ? አሰበ፣ አሰበና ሆም ቲያትር ገዛ።

ዕቃውን የማታውቁ እናቶች አትጨነቁ፤ ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑን ከበው የሚቆሙ ስፒከሮች ናቸው። ፊት ለፊት አሉ፣ ከኋላ አሉ፤ መሐል ላይ የሰው ንግግር የሚወጣበት አንድ አለ፤ መሬት ተቀምጦ እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም ትልቅ ሣጥንም አለ። ሁሉንም የሚያዝ ደግሞ ሪሲቨር የሚሉት አለ። የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ስፒከሮቹን "አንተ ከፍ በል፣ አንተ ዝቅ በል" እያለ የሚያስተዳድረውን ነው።

ይህ ሪሲቨር ትንሽ ማይክሮፎን አለችው። ማይክሮፎኗን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በጆሮ ልክ ታደርጓታላችሁ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ስፒከሮቹ ተራ በተራ ያፏጫሉ፤ እሷ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሁሉ የሚስተካከለው ለዚያች ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሁሉን አጥርቶ ይሰማል። ሌላው የደረሰውን ይሰማል።

ሊገጥምለት የመጣው ባለሙያ ጠየቀ፤ "የት ነው የምትቀመጡት?"

ሚስቱ ስንቅነሽ እዚያው ቆማ ነበር። አፏን ሳትከፍት ሰውዬው ትልቁን ሶፋ አሳየ። "እዚያ ነዋ! ሌላ የት ይሆናል?"

ያንን ሶፋ ታውቁታላችሁ። በየቤታችሁ አለ። ዳንቴል የለበሰው፣ ልጅ ከወጣበት የሚቆነጠጥበት። የእንግዳ ሶፋ! ሰውዬው ከመንገድ ሲመጣ እዚያ ይቀመጣል፤ እርሱ ከሌለ እንግዳ እስኪመጣ ባዶውን ይውላል። ስንቅነሽ የምትቀመጠው ከማድ ቤቱ በር ጥግ፣ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ነው። ወጥ እንዳያርርባት ለመነሣት ይቀርባታል። ልጇ ረድኤት ከአጠገቧ፣ ፍራሽ ላይ ናት።

ማይክሮፎኗ ግን ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

አንድ እሑድ ጠዋት ሰውዬው ገና ከመንገድ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ከሥራው ስምሪት ክፍል ነው። "ጋሼ፣ ከወደብ ወደ ሰሜን የሚመላለስ ጭነት ተገኝቷል። ለወራት ቤት አያስገባም። ይይዙታል ወይስ ለሌላ ልስጠው? እስከ ማታ ይንገሩኝ።"

"ማታ እነግርሃለሁ" አለ። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። በልቡ ግን ነገሩን ቆረጠ፤ ዛሬ አብረውኝ ከተቀመጡ፣ የሚፈልገኝ ሰው አለ ማለት ነው፣ እቀራለሁ። ካልሆነ እሄዳለሁ።

አያችሁ? የደከመ ሰው እንዲህ ነው። ሳይነግራቸው ይፈትናቸዋል።

ከሰዓት በኋላ የቴሌቪዥኑ ድራማ ጀመረ። ሰውዬው ሶፋው ላይ ተደላደለ። ጥቂት ቆይቶ ረድኤት ስልኳን አወጣች። ጥቂት ቆይቶ ስንቅነሽ ተነሥታ ማድ ቤት ገባች። እርሱ ድምፁን ጨመረ። ጨመረ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"ምን ሆናችሁ ነው? ከእኔ ጋር መቀመጥ እንዲህ ይከብዳል?"

"አይሰማንማ!" አለች ስንቅነሽ ከውስጥ።

"አይሰማንም? ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ?"

"ለጎረቤትማ ይሰማል። ለእኛ ነው የማይሰማው።"

"እንግዲያ ጆሮሽን ታከሚ!"

ረድኤት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "እማዬ፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ያክሙን ይሆን?" አለች።

ሰውዬው ቱግ አለ። "ለማን ብዬ ነው መንገድ ለመንገድ የምንከራተተው? ይኼን ሁሉ ዕቃ ለማን ብዬ ነው የገዛሁት?"

ስንቅነሽ እጇን እያደራረቀች ከበሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም፤ ለመጮህም ጉልበት ይጠይቃል። "ድካምህ መች ጠፋኝ፣ የረድኤት አባት። እኔም ደክሞኛል። ብቻ ከዚህ ሆኖ የሚሰማው ጩኸት ነው።"

በቃ፣ እሄዳለሁ አለ በልቡ። ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን ሊደውል ሲል የግቢው በር ተንኳኳ።

"ቤቶች! አላችሁ?" የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው ናቸው፤ ከባለቤታቸውና ከአሰላ ከመጣ የባለቤታቸው ወንድም ጋር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ አሁን ሲጮህ የነበረ ሰው ድምፁ በአንድ ጊዜ ማር ሆነ። "ኧረ ግቡ! ቤት ለእንግዳ! ወዲህ፣ ወዲህ ከፍ በሉ! እንደው ምን እግር ጣላችሁ?" ያው ሰው፣ ያው ጉሮሮ፣ ያው ድካም። የተለወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ሦስቱ እንግዶች ሶፋውን ሞሉት። ባለቤት ከእንግዳ ጋር ተጋፍቶ አይቀመጥም። የቀረው መቀመጫ ምን ነበር? ከስንቅነሽ አጠገብ ያለ ሌላ ዱካ። ሰውዬው እዚያ ቁጭ አለ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ደረሰ።

ድራማው ቀጠለ። በድንገት እንግዶቹ በሣቅ ፈረሱ። አቶ ወንድይፍራው ጭናቸውን መቱ። "አይ ይቺ ሴትዮ! ሰማህልኝ ምን እንዳለችው?"

አልሰማም። ያ ትልቁ ሣጥን ከጆሮው ሥር ያጉረመርማል፤ አንድ ስፒከር ከማጅራቱ ላይ ይንጫጫል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቃል የለም።

ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ። "ምን አለችው?"

"እኔ ምን አውቄ። ይኼ ዕቃ ከገባ ጀምሮ አፋቸውን ነው የማየው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ። ሶፋው ላይ ሆነህ ነው የሰማኸኝ።"

እንግዶቹ ይሥቃሉ፤ እርሱና ሚስቱ ጎን ለጎን ያያሉ። ከዚህ ጥግ ሆና ስንት ነገር አምልጧት ይሆን? ድራማው ይቅር፤ ከእኔ አፍ የወጣውስ ከዚህ እንዴት ይሰማ ኖሯል? አለ በልቡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ወንድይፍራው፣ "ሲኒማ ቤት እኮ ነው ያለህ! ቤተሰብህ ታድሎ!" አሉት። እስከ በር ሸኛቸው። ተመለሰና የዕቃውን ካርቶን በርብሮ ማይክሮፎኗን አወጣ።

"ስንቅነሽ፣ የት ነው የምትቀመጪው?"

"አታውቅም እንዴ?"

"አውቃለሁ። ሳልጠይቅሽ ስለቀረሁ ነው።"

ቁጭ አለች። ጆሮዋ የት ድረስ እንደሚደርስ በስንዝሩ ለካ። ሲለካ ከጆሮዋ በላይ ሽበት አየ። መቼ ወጣ? እሷን አስነሥቶ ዱካው ላይ ድስት ደፋ፣ ድስቱ ላይ ሌላ ድስት ደፋ፣ በጆሮዋ ልክ ማይክሮፎኗን አኖረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስፒከሮቹ ማፏጨት ጀመሩ። ረድኤት ድስቶቹን አይታ ሣቋ አመለጣት፤ ሪሲቨሩም ጸጥታ የለም ብሎ እንደገና አስጀመራቸው። ያን ጊዜ ሦስቱም ሣቁ። በዚያ ቤት ሦስቱም አብረው ከሣቁ ቆይቶ ነበር።

ሲያልቅ ስንቅነሽ ዱካዋ ላይ ተመልሳ አዳመጠች። "ይሰማል" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ ሐሳብ ገባት። "ሶፋው ላይስ? እንግዳ ሲመጣ እንዳይደበዝዝበት?"

"የደረሰውን ይስማ። እንግዳ ይሄዳል።"

ስልኩ ጮኸ። ስምሪት ክፍል ነው። "ለሌላ ስጠው። እኔ ይቅርብኝ" አለና ዘጋ።

"ምኑ ነው የሚቀርብህ?" አለች።

ቴሌቪዥኑን አጠፋ። አጠገቧ ዱካው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሊሄድ አስቦ እንደነበረ፣ ለምን እንዳሰበም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ሁሉንም ሰማችው።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። የእናንተስ ማይክሮፎን የት ነው የተቀመጠችው? ድምፃችሁ የተለካው ለማን ጆሮ ነው?

በራችሁ ሲንኳኳ የምታወጡት ድምፅ እንዴት ያምራል! "ግቡ፣ አረፍ በሉ፣ ትንሽ ቅመሱ።" ያ ድምፅ ከሌላ ሰው የተዋሳችሁት አይደለም፤ የራሳችሁ ነው፣ ጉሮሯችሁ ውስጥ አለ። ታዲያ እንግዳው ሲወጣ ወዴት ይገባል? ልጃችሁ ለምን አይደርሳትም? ዕድሜዋን ዱካ ላይ ለጨረሰችው ለምን አይደርሳትም?

"ደክሞኝ ነው" ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ፣ ልጆቼ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ኑሮው አድክሟችኋል፣ ታክሲው፣ ሰልፉ፣ የሰው ፊት አድክሟችኋል። ግን ድካሙን ለማን ነው የምታካፍሉት? ለውጭ ሰው ጥርሳችንን እናሳያለን፤ ለቤታችን የተረፈውን ጩኸት ይዘን እንገባለን። እነርሱም እኮ ደክሟቸዋል! የደከመ ሰው ከደከመ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? አንዲት የምትሰማ ቃል።

እንግዳ መቀበልን ተዉ አላልሁም፤ ክቡር ነገር ነው። ዳንቴሉንም አታንሡ።

ግን የእኛ ጌታ ምን አደረገ? ከክብር ወንበሩ ሆኖ ድምፅ ጨመረብን? "ጆሯችሁን ታከሙ" አለን? አላለንም። ወረደ። ከእኛ ጋር ዝቅ ባለው መቀመጫ ተቀመጠ፤ ከዚያ ከእኛ ቦታ ሆኖ ሰማን።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እርሷ የምትቀመጥበት፣ እርሱ የሚቀመጥበት፣ ልጃችሁ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ በሉ። ጉልበታችሁ አገጫችሁን ቢነካም ቁጭ በሉ። ከዚያ ጠይቁ፤ "እኔ ከዚህ እንዴት ነው የምሰማው?"

የደከመ ጉልበታችሁን ጌታ ያበርታላችሁ። ደግ ቃላችሁም ደጅ ከመድረሱ በፊት ዱካው ጋ ይድረስ።