ውኃ የጠጣው ታንኳ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሰው ማሻገር ነበር። አንቺ ትርንጎ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጅሽ ሳይለቅ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብለሽ «ጋሼ፣ ለአንዲት እርሳስ ብዬ የሰው ልጅ አስለቀስኩ። ልጆቹን መውደዴ አልቆ ይሆን? ማስተማሩን ልተወው?» ያልሽኝን፣ እሱም ራሱን የጠየቀበት ቀን መጥቶ ነበር። ስለዚህ ሻይሽን ጠጪና ስሚኝ። መሐል ላይ ግን «ገባኝ» አትበይኝ። ተማሪዬ ሳለሽም ይህ አመል ነበረብሽ።

የሰውየው ታንኳ የደንገል ነበር። ደንገል እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። ታጭዶ ይደርቃል፣ እየተጠቀለለ በልጥ ይታሰራል፣ ታንኳም ይሆናል። ወዲህ ማዶ ገበያና ሐኪም ቤት አለ፣ ወዲያ ማዶ ደሴት። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለእህልም የሚሻገረው ብዙ ነው። ሌሎች ባለታንኳዎችም ነበሩ፤ ሰዉ ግን ስሙን የሚጠራው የእሱን ነበር። ደግ ሰው ነበራ። ልጅ ሲሳፈር እጁን ይዞ ያስቀምጣል፣ የደከመውን ዕቃ ይሸከምለታል፣ ሐዘንተኛም ከገባ መቅዘፊያውን ሳያንኳኳ ዝም ብሎ ያደርሰዋል።

ባለታንኳዎቹ አንድ ወግ ነበራቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳቸውን ጎትተው ከውኃ ያወጡና ዛፍ አስደግፈው ያቆሙታል። ይህ ሰው ያንን እያየ ይስቅባቸው ነበር። «ሰነፎች! አሁን ማዶ ሰው ቢጣራስ?» ይላል። የእሱ ታንኳ ዳር ላይ ታስሮ ውኃው ውስጥ ያድራል፣ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነው። ሰዉም «የእሱ ታንኳ አያርፍም፣ እግዜር ይባርከው» ይለዋል። ምርቃት ደግሞ ትጣፍጣለች፤ አንዴ የለመዳት ሰው ያለ እሷ መዋል አይችልም።

እየዋለ እያደረ መቅዘፊያው ከበደው። ድሮ እያንጎራጎረ የሚደርስበት ማዶ አሁን ጥርሱን ነክሶ የሚደርስበት ሆነ። መጀመሪያ የበላው ያልተስማማው መሰለው። ቀጥሎ እርጅና ነው አለ። በመጨረሻ ግን ያሳፈራቸውን ሰዎች አየና ነገሩ ተገለጠለት፦ ሰዉ ከብዷል! ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወፍሯል፣ ዕቃውም በዝቷል። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ሲመጣ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ጭነቱን ሆነ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ አንድ ግንባረ ቋጥኝ የእህል ነጋዴ ሁለት ኩንታል ጭኖ ገባ። ከእሱ ቀጥለው አንዲት አሮጊት መጡ። ደሴቱ ላይ የተዳረች ልጃቸው ወልዳ ለአራሷ ቅቤ ይዘውላት ነበር፣ በትንሽ ቅል። ሰውየው ነጋዴውን አየው። ነጋዴው መልሶ አየው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«እማማ፣ ይህንን ቅል ከዚህ ያንሡልኝ! ታንኳዬን ሊያሰምጡት ነው?»

«የአራስ ቅቤ ነው እኮ ልጄ፤ እሱ ከሚቀር እኔው ልቅር» አሉና ቅላቸውን አቅፈው ወረዱ።

ነጋዴውን አድርሶ ሲመለስ አሮጊቷ እዚያው ዳር ቆመው ይጣራሉ። የሌሎቹ ታንኳዎች ወጥተው ቆመዋል፤ ከእሱ በቀር የሚያሻግራቸው የለም። ሰምቷቸዋል። ታንኳውን ቄጠማው መሐል ሸጎጠና ጎንበስ ብሎ ተደበቀ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ «አንተ የእግዜር ሰው!» እያሉ ሲጣሩ፣ ያ ለመሻገር ልጅ ሲጠራው እንኳ ሮጦ ይወጣ የነበረው ሰው፣ አንገቱን ቀበረ። እሳቸው ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቱ ራሱን አስፈራው።

በነጋታው መቅዘፊያውን ይዞ ታንኳውን ወደሠሩለት ሽማግሌ ሄደ። «አባባ፣ ይህንን ለሚረባ ሰው ስጡልኝ። እኔ ልቤ ተበላሽቷል። ሰው ጠልቻለሁ» አለ።

ሽማግሌው መቅዘፊያውን አልተቀበሉም። «ታንኳህን ከውኃ ያወጣኸው መቼ ነው?» ብቻ አሉት።

«አውጥቼው አላውቅም!» አለ። ያን ያህል ተዋርዶም ይህቺን ሲናገር ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር።

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ዳር ወረዱ። «ጎትት» አሉት። ሁለቱ ቢጎትቱ ታንኳው ንቅንቅ አላለም። ዳር ላይ መሻገሪያ የሚጠብቁትን ሰዎች ጠሩ። ትናንት የቀሩት አሮጊትም ከመሐላቸው ነበሩ፤ ቅላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ልጡን ያዙ። እያቃሰቱ አወጡትና የሾላ ዛፍ አስደግፈው ቀጥ አድርገው አቆሙት።

መጀመሪያ አንድ ጠብታ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከዚያ ከየደንገሉ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ይፈስ ጀመር። ክሩ እየተገናኘ ወፈረ፣ አሸዋውን ሰንጥቆ ወደ ሐይቁ የራሱን መንገድ አበጀ። አሁን ያበቃል ሲሉት አያበቃም። ጉንዳኖቹ መንደራቸውን ለቀው ሸሹ፣ ወፎች ወርደው ጠጡ፣ ጥላው ከሾላው ሥር ዞሮ ወጣ፤ ውኃው ይወርዳል። ከቆሙት አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም። እኔ ይህን ታሪክ ስንቴ ተናግሬዋለሁ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወርረኛል።

ሰውየው እጁን ከሚወርደው ውኃ በታች ዘረጋ። «በየጠዋቱ በቅል እየቀዳሁ እደፋ ነበር እኮ! ሆዱ ደረቅ ነበር!» አለ።

«ሆዱማ ደረቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ውኃው የገባው ሥጋው ውስጥ ነው። ያ በቅል አይቀዳም።»

ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ብቻ አልነበረም ያሻገረው። ሐይቁን ራሱን ተሸክሞ በሐይቁ ላይ ሲመላለስ ኖሯል። እሱ ግን የአንዲት አሮጊት ቅቤ ከበደኝ ብሎ ነበር። እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«ታንኳው ነው ጥፋተኛው?» አለ በኋላ።

«ውኃ የማይጠጣ ደንገል እኔ አላየሁም። ከውኃ በቅሎ እንዴት አይጠጣም? የማይጠጣው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ማንንም አሻግሮ አያውቅም። ያንተ ጥፋት ከውኃ አለማውጣትህ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለህም።»

መሻገሪያ የሚጠብቁትን ሰዎች፣ እሱ «ሰነፎች» ያላቸው እነዚያ ባለታንኳዎች በደረቅ ታንኳቸው ወሰዱለት፣ አሮጊቷንም ከነቅላቸው። ያጉረመረመ አልጠፋም። ሐይቁ ግን እሱ ሳይቀዝፍበትም በቦታው ነበር፣ ይህም ትንሽ ከነከነው።

ደንገሉ ነጥቶ ሲደርቅ ሰውየው ታንኳውን ሊያወርድ መጣ። ሰው ልጥራ ብሎ ዞር ካለ በኋላ እስቲ ብሎ ሞከረው። ያ አንድ መንጋ ሰው እያቃሰተ ያወጣው ታንኳ፣ ለብቻው ትከሻው ላይ ወጣለት! ተሸክሞት ቆመ።

ከደሴቱ መጀመሪያ ያመጣው እኒያን አሮጊት ነው። ታንኳው ውኃውን ነካ ነካ እያደረገ ይሄዳል።

«እማማ፣ ቅሉን ባዶውን መለሱት?»

«ኧረ አማቾቼ ማር ሞልተውልኝ፣ ክንዴን ሊገነጥለው ነው!»

ትንሽ ቀዘፈና «ያን ዕለት ሲጠሩኝ ሰምቼዎት ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ቄጠማው ሲነቃነቅ አይቼሃለሁ። ቅዘፍ ልጄ» አሉት።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ታንኳው አንቺ ነሽ። ሳይበላ መጥቶ ዴስክ ላይ የሚተኛው፣ በመንፈቁ እናቱ የሞተችበት፣ አሥር ጊዜ አስረድተሽው ሳይገባው ለአንቺ ብሎ «ገብቶኛል» የሚልሽ፤ ሁሉም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገብተውብሻል። ማታ ማታ ፊትሽን ታጥበሽ ትተኛለሽ፣ ያ በቅል መቅዳት ነው። መውደድሽ አላለቀም። ከእነሱው መሐል የበቀልሽ ስለሆንሽ ጠጣሽ እንጂ።

አሁን ፈተናው ታርሟል፣ ካርዱ ተሰጥቷል፣ በሩ ተዘግቷል። በዕረፍቱ ማጠናከሪያ አስተምሪ የሚልሽ ይመጣል፤ ደረቅ ታንኳ ያላቸው ሌሎች አሉ በይው። እናትሽ ቤት ሂጂና ፀሐይ ላይ ቁጭ በይ። እንባም ቢሆን፣ እንቅልፍም ቢሆን መውረድ ሲጀምር አትደንግጪ። ይህን ሁሉ ይዤ ነበር እንዴ ትያለሽ። አዎ፣ ይዘሽ ነበር፤ ይዘሽውም አርባ ልጅ አሻግረሻል።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ያቺ ያስለቀስሻት ልጅ እርሳሴ ጠፋ ብላ ትመጣለች። ልጅ ናት፣ መጥፋቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምትከብድሽ አይተሽ፣ ማስተማሩን ልተወው ወይ ብለሽ እንደገና ጠይቂኝ።