የደብሪቱ ጣት

ወንዛችን ድልድይ ሳያውቅ፣ ጉሙ ከሰው ቀድሞ ተነስቶ ከሰው በኋላ በሚተኛበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ቤቷ እዚሁ ጥንጁት ነበር። መሬት የላት፣ በሬ የላት። የነበራት አንድ ልጇ ማንደፍሮና ሁለት እጆቿ ብቻ ናቸው።

ማዶ ያለው ቀጋምባ ነው። ጥንጁትና ቀጋምባ በወንዙ ዳር ባለው የግጦሽ መስክ ይጋደሉ ነበር። አባት ይሞታል፣ ልጅ ይበቀላል። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ፣ «ሰው ጠቡን ይዞ ነው የሚወለደው። አታዩም? ሕፃን እንኳ ጡጫውን ጨብጦ ነው የሚወጣው» ይሉ ነበር። ደብሪቱ ይህን እየሰማች ሕፃናቱን ትቀበል ነበር።

አንድ ማለዳ ከማዶ የድረሱልን ጩኸት ተሰማ። አንዲት የቀጋምባ ሴት ምጥ ጠንቶባት ነበር። የጥንጁት ወንዶች መሻገሪያው ላይ ቆመው ደብሪቱን ከለከሏት።

«የጠላት ልጅ ልታዋልጂ ነው?» አሏት።

«ገና አልተወለደም እኮ፤ መቼ ጠላት ሆነ?» አለች።

ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙን ተሻገረች። ጉሙ ዋጣት። ፀሐይ ስትወጣ ከማዶ እልልታ ተሰማ። ወንዶቹ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ኋላ ግን አፈሩ።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። ማንደፍሮ መስኩ ላይ በጦር ተወግቶ ሞተ። የገደለው ባያብል የሚባል የቀጋምባ ሰው ነው። ደብሪቱ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ እንባ ግን እምቢ አላት። ክረምቱን ሙሉ ከቤቷ ሳትወጣ የወንዙን ድምፅ ስታዳምጥ ከረመች።

አደይ ሲፈነዳ አንዲት አሮጊት ከማዶ መጥታ ደጇ ላይ ተንበረከከች። «እቴ ደብሪቱ፣ የባያብል እናት ነኝ። ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ አልወጣ አለ። ነይልኝ ለማለት አፍ የለኝም» አለቻት።

ደብሪቱ ምላጯን በጨርቅ ጠቀለለች። ከዚያ ተነሳች፤ ወንዙን ተሻገረች። ባያብል ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲያያት አቀረቀረ። ገብታ ልጁን አወጣችው። ወንድ ነው። እትብቱን ልትቆርጥ ምላጩን አነሳች። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ማንደፍሮን አሰበች። ያን ጊዜ ሕፃኑ የሌላኛው እጇን ጣት ያዘ። አጥብቆ ያዘ። ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ መጣ። እያለቀሰች እትብቱን ቋጠረች፣ ቆረጠች፣ ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው።

የጥንጁት ሰዎች ግን የማንደፍሮን ደም አልረሱም። አንድ ንጋት ሁለቱ መንደሮች ወንዙ ዳርና ዳር ተሰለፉ። ጦሮቹ በጉሙ ውስጥ ሸምበቆ ይመስሉ ነበር። ደብሪቱ ውሃው መሀል ገብታ እስከ ወገቧ ቆመች።

የጥንጁቱ አለቃ አስናቀው፣ «ዞር በይልን፤ የልጅሽን ደም ልንመልስ ነው። ጦርነት እንደሁ ከሰው ጋር የተወለደ ነው» አላት።

«ስትወለዱ የነበርኩት እኔ ነኝ!» አለች። «አስናቀው፣ አንተን ከእናትህ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ። ጡጫህን ጨብጠህ ነበር፤ አልዋሽም። ጣቴን ስሰጥህ ግን እሱን ይዘህ እንቅልፍ ወሰደህ። ሁላችሁም እንዲያ ነበራችሁ። የምትይዙት ነገር ነበር የምትሹት። ጦር ያስያዝናችሁ እኛ ነን። ለማንደፍሮም ጦሩን ያቀበልኩት እኔው ነኝ።»

ከዚያ ባያብል ጦሩን ጥሎ፣ ከዳሩ የይቅርታ ድንጋይ አንስቶ በጫንቃው ተሸክሞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ደብሪቱ ፊት ሲደርስ አንገቱን ደፋ። እሷም ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጫንቃው ገፋችው፤ ውሃው ውስጥ ወደቀ። አስናቀው ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ጠብ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። እሷ ካረፈች በኋላም ጦር ተነስቷል፣ ሰው ሞቷል። ሰው ጠቡን ይዞ ይወለድ አይወለድ እኔ አላውቅም። ግን እስከ ዛሬ እዚህ ሕፃን ሲወለድ ከማዶ ሰው ይጠራል፤ እነሱም ሲወልዱ እኛን ይጠራሉ። የመጣው እንግዳ ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ ጣቱን ለሕፃኑ ይሰጣል። «ደብሪቱን ማስያዝ» እንለዋለን። ቤታችሁ ስትገቡ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ የማንን ጣት ይዛችሁ እንደተኛችሁ ይነግሯችኋል።