ጣሪያውን ነቅሎ አጥር ያጠረው ሰው

ልጆቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ይወዳል፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ጾም አይሽርም። በሽታው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱን ይፈራል።

ጎረቤቱ ባንቴ ይባላል። አንድ ቀን ባንቴ ከገበያ ድጅኖ ተሸክሞ ሲመለስ ያ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ አየው። «ይሄ የኔን ግድግዳ ሊሰረስርበት ነው» አለ። ባንቴ የገዛው ለሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። ግን ማን ጠየቀው? ከመጠየቅ በቀዳዳ ማየት ይቀለን የለ?

ሰውየው አጥሩን ከፍ አደረገ። ባንቴ ደግሞ ያንን አየና «ከጀርባው ምን እየሸረበ ይሆን?» ብሎ የራሱን የባሰ ከፍ አደረገ።

የሰውየው ሚስት ይርገዱ፣ የሚያስለውን ሕፃኗን ታቅፋ መጣች።

«ክረምት ሊገባ ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው በልጁ ራስ ላይ ነው። ለእሱ የገዛነው ቆርቆሮ የታለ?»

«አጥሩ ላይ ነው።»

«አጥሩን ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ?»

«አንቺ የጦር ነገር አይገባሽም» አላት።

ሰኔ ላይ ባንቴ ደግሞ ጨመረ። ያ ሰው መሰላል አመጣ። ቆርቆሮ ከየት ይምጣ? ቀና ሲል ጣሪያውን አየ። አትሳቁ ልጆቼ፤ ነቀለው። የራሱን ጣሪያ ነቅሎ አጥሩ ላይ ቸነከረው። ቤቱን ላስቲክ አለበሰና «ለጊዜው ነው» አለ።

ዝናቡ መጣ። ነፋሱ ላስቲኩን ይዞት ሄደ። ይርገዱ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ ልጆቿን አስከትላ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ጠላትህ ቤት። ጣሪያ ያለው እሱ ነው።»

ደጅ ስትወጣ ማንን አገኘች? የባንቴን ሚስት ጥሩወርቅን፤ ራሷ ላይ ሰፌድ ደፍታ፣ ልጆቿን እየጎተተች።

«ወዴት ነሽ እቴ?»

«እናንተ ቤት ልጠለል። አንቺስ?»

«እኔም እናንተ ቤት።»

ዝናብ እየመታቸው ተያዩ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ይርገዱ የባሏን አጥር፣ ጥሩወርቅም የባሏን ትነቅል ጀመር። ባሎቹ ድምፁን ሰምተው፣ ዱላ ይዘው «ጠላት ገባ» እያሉ ሲሮጡ መጡ። ያገኙት ሚስቶቻቸውን ነው።

«ዱላውን ጣልና ይሄን ያዝ» አለች ይርገዱ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከሕፃኑ በላይ ተያዘ። ሁለቱ ጠላቶች አንዱን ጫፍ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይዘው ቆሙ።

ልጆቼ፣ አጥር አያስፈልግም አላልኩም። ጅብም አለ፣ ሌባም አለ። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ግን አገርም ቤት ናት። መድፉ ተወልውሎ እያበራ፣ ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ ደርሳ «መድኃኒት የለም» ከተባለች፣ የተነቀለው የማን ጣሪያ ነው? የምንጠብቀውስ ማንን ነው?

በነገሥታት ብቻ አትፍረዱ። እናንተስ? ከወንድማችሁ ጋር በአንድ ክንድ መሬት ስትካሰሱ ከትምህርት የቀረው ልጅ የማን ነው? በእልህ የሸጣችሁት በሬ የማንን እርሻ ያርስ ነበር?

እንግዲህ ዛሬውኑ ሂዱና ወንድማችሁን ታረቁት። ሰኞ ጠዋት ልጁን እጁን ይዛችሁ ትምህርት ቤት አድርሱት። ጠበቃው እንደሆነ ሌላ ደንበኛ አያጣም።